ቡራቡሬዋን የቆረጠ እጅ

ፓክ ዳርሶኖን ሞተው ያገኟቸው ሚስታቸው ቡ ሩምሲህ ነበሩ። ከንጋት ሶላት በኋላ ሻይ ይዘውላቸው ወደ ችግኝ ቤቱ ሲገቡ፣ ባልየው ከጥቁሩ የጥላ መረብ በታች፣ በሁለት የቅጠል መደዳ መካከል በደረታቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸው ተፈንክቷል። አጠገባቸው የተሰነጠቀ የሲሚንቶ ማሰሮ ወድቋል። በጣቶቻቸው መካከል አበባ የሚያዳቅሉባት ቀጭን ብሩሽ አለች፤ ጫፏ ላይ ገና ቢጫ ብናኝ ነበረባት።

ቡ ሩምሲህ ሻዩን አልደፉትም። ብርጭቆውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ፤ የጮኹት ከዚያ በኋላ ነው።

ጎረቤት ሲሰበሰብ ሌላም ነገር ታየ። ስሪ ረጀኪ የሚባለው ቅጠል በካሊዉኒ መንደር ከማንም ደጃፍ አይጠፋም፤ ሲሳይ ይጠራል ይሉታል። የዳርሶኖ አዲሷ ግን ከማንም ጋር አትመሳሰልም። እያንዳንዱ ቅጠሏ መሐል ለመሐል ተከፍሎ፣ ግማሹ ጥቁር አረንጓዴ፣ ግማሹ ወተት የመሰለ ነጭ፣ ነጩ ላይ ደግሞ ሮዝ መስመር የተሳለበት ነው። ስም እስኪወጣላት ድረስ መንደሩ «ቡራቡሬዋ» ይላት ነበር። የዚያን ጠዋት ቡራቡሬዋ ከወገቧ በላይ አልነበረችም። አናቷን ቆርጠው ወስደውታል።

ፀሐይ ጠንከር ሳትል ፖሊስ የሟቹን ታላቅ ወንድም ፓክ ሳርዋንዲን አሰረ። ሬሳው በአገሩ ልማድ ከቀትር በፊት ተቀበረ። ወንድምየው አልነበሩም።

ኢንስፔክተር ዉርያኒ ከክፍለ ሀገሩ የተላከችው በማግሥቱ ነው። አምሳውን ያለፈች፣ አጭር፣ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ የሚል ሴት ናት። የሚያውቋት ሰዎች ከጩኸት ይልቅ ያንን ዝቅታ ይፈራሉ።

የጣቢያው አዛዥ ሬናልዲ በአገሩ ወግ «ቡ»፣ እናቴ፣ እያለ በደስታ ተቀበላት። በዋና ከተማው ተወልዶ ያደገ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው።

«ነገሩ ያለቀ ነው ቡ፤ ለፊርማ ያህል ነው የመጡት» አላት። «ጎረቤትየዋ ሟቹ ከሰው ጋር ሲነጋገር ሰምታለች። 'ካንግ' እያለ ነው የሚናገረው። ካንግ ማለት ታላቅ ወንድም ነው፤ ይሄን ይሄን እኔም ተምሬአለሁ። ያለው ታላቅ ወንድም ደግሞ አንድ ነው። በዚህ ቅጠል ተጣልተው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። ነገ ማታ ወደ ትልቁ እስር ቤት እልከዋለሁ።»

«ቀብሩ ላይ ነበሩ?»

«እነማን?»

«ወንድምየው።»

«ተጠርጣሪ እኮ ነው ቡ።»

«ተጠርጣሪ መሆናቸውን አልጠየቅኩህም» አለች ዉርያኒ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «አፈር ሲለብስ አይተዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

ሬናልዲ ጫማውን ተመለከተ።

ፓክ ሳርዋንዲ ከእስር ክፍሉ ወለል ላይ እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እጃቸው የአትክልተኛ እጅ ነው፤ አፈሩ ከጥፍራቸው ሥር ከገባ ዘመን ቆጥሯል። ለሰላምታዋ መልስ ሳይሰጡ ጀመሩ።

«ነገ የሦስተኛው ቀን ዱዓ ነው። ከዚያ በኋላ ብትፈልጉ ስቀሉኝ። ዱዓው ላይ ግን ልቀመጥ፤ ልጄ፣ ሌላ አልለምንሽም።»

«ለምን ተጣላችሁ ፓክ፣ አባቴ?»

«ለምን? ቡራቡሬዋ ስትወለድ እናቲቱ ተክል የኔ ናት፤ ከደጄ ነው የወሰዳት። ብናኙ የእሱ ነው። እና ልጅቷ የማን ናት? እሱ የአባቷ አለ፤ እኔ የእናቷ አልኩ። ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ተፋቱ ባልና ሚስት በቅጠል ተካሰስን።» ለመሳቅ ሞክረው አቃታቸው። «'አንተ ካንግ፣ ግትር ነህ፤ ስትሞት እንኳ ከመቃብርህ ግትርነት ይበቅላል' አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይሄ ነው። አንድ ምንጣፍ ላይ ያደግን ነን እኮ። አንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት ያደግን።»

ዉርያኒ ከተነሳች በኋላ በሩ ላይ ቆም አለች። ሽማግሌው ከተናገሩት ውስጥ አንዲት ትንሽ ቃል ጆሮዋ ላይ ቀርታለች፤ ገና ግን ምን እንደምታደርጋት አላወቀችም።

ጎረቤትየዋ ምባህ ጊየም፣ አያት ጊየም እንደማለት፣ የሚባሉ አሮጊት ናቸው፤ ቤታቸውን ከዳርሶኖ ችግኝ ቤት የሚለየው የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። ዉርያኒን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ያ ጫማው የሚያበራው ልጅ ተረጋግቶ መስማት አያውቅም። ግማሹን ስነግረው ተነስቶ ሮጠ። አንቺስ ትሮጫለሽ?»

«ጉልበቴ አይፈቅድም ምባህ።»

«እሰይ፣ ተቀመጪ። የከዳኝ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ጎህ ሲቀድ ነው። ዳርሶኖ 'ካንግ፣ ይቀመጡ እባክዎ' ሲል ሰማሁት። በትሕትና ነው የሚናገረው፤ ማር ነው ድምፁ። ከዚያ እንግዳው አጉረመረመ፤ እሱን አልሰማሁም፣ ድምፁን አፍኖ ነው። ከዚያ የዳርሶኖ ድምፅ ጠነከረ። ስለ አመድ ነገር አነሳ።»

«አመድ?»

«'በአመድ' ሲል ሰማሁ። ሌላውን ዶሮዬ ጮሃ ነጠቀችኝ፤ ያቺ እርጉም። ከዚያ አንድ ነገር ዱብ አለ። ማሰሮ የወደቀ መሰለኝ። ማሰሮ በየቀኑ ይወድቃል ልጄ። ብነሳ ኖሮ...»

«ቢነሱ እርስዎንም ይመታዎት ነበር» አለች ዉርያኒ።

ስለ አመዱ ስትጠይቀው ሬናልዲ መልሱ ዝግጁ ነበር። «አትክልተኞች የተቆረጠ ግንድ ላይ እንዳይበሰብስ አመድ ይቀባሉ። ስለዚህ እንግዳው አትክልተኛ ነው፤ ስለዚህ ሳርዋንዲ ነው። ወይም ስለ ተራራው አመድ ሊሆን ይችላል፤ ባለፈው ሳምንት እሳተ ገሞራው መራፒ ተፍቷል።»

«ቁርጡ ላይ አመድ አይተሃል?»

«ቁርጡን... አላየሁትም።»

«ሰው የገደለ ሰው የነካውን ነገር አላየኸውም።» ከዚህ በላይ አልተናገረችውም፤ ሬናልዲ ግን ጆሮው ድረስ ቀላ።

ችግኝ ቤቱ ውስጥ አንድ ወፍራም ሰው የቡራቡሬዋን ጉቶ ጎንበስ ብሎ ያያል። ሃርጎ ይባላል፤ ከከተማ የሚመጣ የቅጠል ነጋዴ ነው። ዳርሶኖን ቡራቡሬዋን ሽጥልኝ ብሎ ስድስት ጊዜ ለምኖ ስድስት ጊዜ የተባረረ።

«እኔ ልገድለው እችል ነበር» አለ ቀና ሳይል። «ይፃፍልኝ። ግን ይሄንን አላደርግም። ይዩት እስቲ ቡ፤ ምን ዓይነት አረመኔ ነው? ቁርጡ ላይ አመድ የለም፣ ምንም የለም። ለዓይን የምታምረውን፣ ነጭ የበዛባትን አናት ነው የወሰደው። ነጩ ክፍል ለራሱ ምግብ አይሠራም፤ አረንጓዴው ነው የሚያበላው። ያለ አረንጓዴው ነጩ በረሃብ ይሞታል። ቡራቡሬነቷ ያለው እዚህ ነው።» ጉቶው ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደችውን ነጭ ሰንበር በጣቱ ተከተለ። «ሰንበሩና አረንጓዴው የሚገናኙበት ጉጥ ላይ ያለች ቡቃያ ናት እንደ እናቷ የምትወጣው። ሌባው እናቲቱን ትቶ ባርኔጣዋን ይዞ ሄደ።»

«ሳርዋንዲ ይሄን ያውቃሉ?»

«እኔን ያስተማረኝ ማን ሆነና?»

ከግቢው የሞተር ብስክሌት ድምፅ ተሰማ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ጥቁር የለቅሶ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ወረደ። የሟቹ ዘመድ ነው፤ ጋሊህ ይባላል። ከተማ ተቀምጦ በስልኩ ቅጠል እያሳየ ይሸጣል፤ ተከታዩ ብዙ ነው።

ቡ ሩምሲህ ከለቅሶ ምንጣፋቸው ተነሱ። በሁለት እጃቸው ሻይ አቀረቡለት፤ ወገባቸው ጎንበስ ብሏል።

«ይምጡ፣ ከላይ ይቀመጡ። ደክሞዎታል።»

«ኧረ ቡ፣ ይተዉኝ፤ እዚሁ ይበቃኛል» አለ ጋሊህ ፊቱ እየቀላ፤ ዓይኑ ወደ ኢንስፔክተሯ ሸሸ።

ለሃርጎ የደረሰው ሻይ በአንድ እጅ ነበር። ሃርጎ ጋሊህን ሊወልደው የሚችል ሰው ነው። ዉርያኒ ብርጭቆዋን ይዛ ቆማ ቀረች። ሽማግሌው እስር ቤት የተናገሩት ቃል፣ አሮጊቷ በአጥር የሰሙት ቃልና ይህች ጎንበስ ያለች ወገብ አንድ ላይ መጡላት።

«መቼ ነበር እዚህ የመጣኸው ልጄ?» አለችው።

«ከጾሙ በፊት። ሥራ ይዞኝ ነው እንጂ... ቅጠሏን በፎቶ ነበር የማያት።»

«ተክል ትተክላለህ?»

«እኔ?» ሳቀ። «አፈር አይስማማኝም ቡ። ሌላው ያበቅላል፣ እኔ ዓለም እንዲያያት አደርጋለሁ። ባይታይ ማን ይገዛል?»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ፣ ለሦስተኛው ቀን ዱዓ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሩዙና የሩዝ ቂጣው ተሸፍኖ፣ ኢማሙና ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሳለ፣ ዉርያኒ ፓክ ሳርዋንዲን እጃቸው እንደታሰረ ይዛ ገባች።

ቡ ሩምሲህ ተነስተው ሽማግሌው እግር ሥር እንትፍ አሉ።

«ወንድሙን የበላ እዚህ ምን ያደርጋል? ከቤቴ ይውጣልኝ!»

ሳርዋንዲ ምራቁን ከእግራቸው አልጠረጉም።

«ያስገባኋቸው እኔ ነኝ» አለች ዉርያኒ። «ኢማሙ ይቅር ይበሉኝ፤ ዱዓው ትንሽ ይቆይ። በዚህ ቤት ውስጥ ውሸት ተቀምጦ ለሙት አይጸለይም። መጀመሪያ ስለ ቅጠሏ። የገደለው ሰው የመጣው ለቡራቡሬዋ ነው። ግን እንዴት እንደምትባዛ አያውቅም። የሚያምረውን ቆርጦ የምትባዛበትን ትቶ ሄደ። ፓክ ሳርዋንዲ አርባ ዓመት ይህን ሥራ ሠርተዋል። እጃቸውን ብታስሩት እንኳ እግራቸው እዚያ ቦታ አይቆርጥም።»

«ተናዶ ሊሆን ይችላል» አለ ሬናልዲ። «ለማጥፋት።»

«ለማጥፋት የፈለገ ይረግጣታል እንጂ ጠቅልሎ ይዞ አይሄድም። ሁለተኛ፣ ምባህ ጊየም፣ ሟቹ እንግዳውን ምን አሉት?»

«'ካንግ፣ ይቀመጡ እባክዎ'» አሉ አሮጊቷ ከጥግ።

«'ይቀመጡ'። ፓክ ሳርዋንዲ፣ ወንድምዎ እርስዎን 'ይቀመጡ' ብለውዎት ያውቃሉ?»

«ዳርሶኖ?» ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «እኔን? 'ቁጭ በል ካንግ፣ አታሽካካ' ነው እንጂ። አንድ ምንጣፍ ላይ ያደገ ሰው እርስዎ ይባላል እንዴ?»

ከሰዎቹ መካከል አንዳንዱ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«አዛዡ 'ካንግ' የሚለውን ሰምቶ 'እርስዎ' የሚለውን ሳይሰማ ሮጠ» አለች ዉርያኒ። «ቡ ሩምሲህ፣ ፖሊስ የጠየቀዎት 'የባልሽ ታላቅ ወንድም ማነው?' ብሎ ነው። እኔ ሌላ ነው የምጠይቅዎት። ባለቤትዎ 'ካንግ' ብለው የሚጠሩት ማንን ማንን ነበር?»

«ይሄንን...» ብለው ጣታቸውን ወደ ሳርዋንዲ አነሱ። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሳያስቡት ዓይናቸው ወደ ምንጣፉ ራስ ዞረ፤ ጋሊህ ወደ ተቀመጠበት። እጃቸው ወረደ።

መንደርተኛው ሁሉ ገባው። ያልገባው ሬናልዲ ብቻ ነው።

«ይሄ ልጅ? ታላቅ ወንድም? ልጃቸው ሊሆን ይችላል እኮ።»

«ከተማ ይሄን አያስተምርህም» አለችው ዉርያኒ። «እኛ ዘንድ ታላቅነት በራስህ ዕድሜ አይደለም፤ በአባትህ ነው። የጋሊህ አባት የዳርሶኖ አባት ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ በስተርጅና ሌላ አግብተው ነው የወለዱት። የታላቅ ልጅ፣ ትናንት ቢወለድም፣ ታላቅ ነው። ካንግ ይባላል፣ እርስዎ ይባላል። እኔም አክስቴ የሆነች ልጅ አለችኝ፤ ገና ትምህርት ቤት ናት፣ ማስቲካ እያኘከች ሰላም ስትለኝ እጅ እነሳለሁ። እንዲህ ላለው ሽንፈት ሽማግሌዎቻችን ምን ይሉታል? ፓክ ሳርዋንዲ?»

«በአመድ መሸነፍ» አሉ ሽማግሌው። «በአመድ ተሸነፈ ይሉታል።»

«አመድ። የግንድ መቀቢያም፣ የተራራም አይደለም። ዳርሶኖ ከመሞታቸው በፊት የተናገሩት እንግዳው በአመድ፣ በዘር ማለት ነው፣ እንደሚበልጣቸው ነው። በሰው ፊት ካንግ ሲሉት ይሄ ልጅ ያፍር ስለነበር ሰው ባለበት አይሉትም ነበር። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ወጋቸውን ጠበቁ። ለገዳያቸው እንኳ ወጋቸውን ጠበቁ።»

ጋሊህ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደረቅ ነበር። «በአመድ ሰው ይታሰራል? እኔ የዚያን ቀን ከተማ ነበርኩ።»

«በአመድ አይታሰርም» አለች። «ስለዚህ ጠዋት የፍርድ ቤት ፈቃድ አውጥቼ ክፍልህን አስፈተሽኩ።»

ወደ በረንዳው ምልክት ሰጠች። ፖሊስ የሆነች ወጣት የመስታወት ብርጭቆ ይዛ ገብታ ምንጣፉ ላይ አኖረችው። ውኃ ውስጥ የቆመው የቡራቡሬዋ አናት ነበር። ነጩ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ተጠቅልሏል፤ ከሥሩ የመበስበስ ሽታ ይወጣል።

ቡ ሩምሲህ ቅጠሉን አዩት።

ጋሊህ ዘሎ ተነሳ፤ ሁለት ፖሊሶች ክንዱን ያዙት። ያኔ ነው የፈነዳው።

«ታላቅ፣ ታላቅ! ሁላችሁም እግሬ ሥር ጎንበስ ትላላችሁ፣ ባዶ እጄን ትልኩኛላችሁ! ታላቅ ከሆንኩ የታላቅ ድርሻ የታለ? በእኔ ስም ለቅጠል ውድድር ትቅረብ አልኩት እንጂ ምን አልኩ? ለሕዝቡ የኔ ናት ብዬ አሳይቻታለሁ፤ በምን ፊት ልመለስ? እሱ ብሩሹን እያገላበጠ ምን ይለኛል? 'ካንግ፣ በአመድ ተሸንፌልዎታለሁ፤ በቅጠሏ ግን አልሸነፍም። ቅጠሏ የኔም አይደለችም፣ የሳርዋንዲ ናት። እናቲቱ የእሱ ናት፤ በእሱ ስም አስመዘግባታለሁ። ዛሬ ሄጄ ልነግረው ነው።' ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ጀርባውን! ታላቁን!»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ የቀረው ድምፅ የሞተር ብስክሌቱ ላይ ተንጠልጥሎ የሚንቀጫቀጨው ቁልፍ ነበር፤ አንዱ ሲያልፍ ነክቶት።

ዉርያኒ ራሷ የሳርዋንዲን እጅ ፈታች። ሽማግሌው የእጃቸውን አንጓ አላሹም። ዓይናቸው አልረጠበም። ፊታቸው ግን ቀስ በቀስ ጠቆረ፣ እንደ ዝናብ ሰማይ።

ሬናልዲ ቀርቦ እጁን ዘረጋ። «ፓክ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በቅንነት የተሠራ ስሕተት ነው።»

ሽማግሌው እጁን ተመለከቱት።

«ልጄ፣ እጅህን ሰብስብ። ወንድሜ ሊታረቀኝ ባሰበባት ጠዋት ሞተ። አጥቤ ልቀብረው ይገባኝ ነበር። እናንተ በር ቆልፋችሁብኝ እኔ የመንደሩን ሰው እግር ኮቴ ወደ መቃብር ሲሄድ በመስኮት ሰማሁ። ስሕተትህን ይቅር ልበልህና ቀብሩን ትመልስልኛለህ? አፈሩን ትመልስልኛለህ?»

ሬናልዲ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ።

ሳርዋንዲ ሩዙንም፣ ምንጣፉንም፣ የተቀመጠውንም ሰው አልፈው በባዶ እግራቸው ወጡ። ወደ መቃብሩ የሚወስደውን የሙዝ ዛፎች መንገድ ያዙ። ኢማሙ የዱዓ መጽሐፋቸውን ይዘው ግራ ተጋብተው ቆሙ። ሩዙ ቀዝቅዟል፤ ሰዓቱም ደርሷል፤ ዱዓ ደግሞ በቤት ነው የሚደረገው።

መጀመሪያ የተነሱት ቡ ሩምሲህ ናቸው። ምንጣፉን ከሰዎች ሥር ጎትተው ጠቀለሉ፣ በትከሻቸው አደረጉ፣ ማንንም ሳያናግሩ ከሽማግሌው ኋላ ወጡ። ከዚያ ምባህ ጊየም፣ ከዚያ ኢማሙ፣ ከዚያ ሃርጎ የሩዙን ትሪ ተሸክሞ። ቤቱ ባዶ ሆነ።

በበሩ ላይ ዉርያኒና ሬናልዲ ብቻ ቀሩ።

«እኔ... ጣቢያ ልመለስ ቡ?» አላት።

«ጫማህን አውልቅ» አለችው፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «አውልቅና ከኋላቸው ሂድ። ከሁሉ ኋላ። የሚያናግርህ የለም፣ አንተም አትናገር። ሽማግሌው አፈሩ ላይ የሚያለቅሱትን አንድ ሳታጎድል ሰምተህ ተመለስ።»